ማቱሶ የረሳችውና ያልረሳችው

በማሎፔ መንደር አንድ ሰው መቼ እንደተወለደ ለማወቅ ሁለት መንገድ ነበር፤ ወረዳ ድረስ ሄዶ መዝገብ ማስገለጥ፣ አለዚያም ማቱሶን መጠየቅ። ሰዉ ማቱሶን ነበር የሚጠይቀው። ወረዳው ሩቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መዝገቡ የልደቱን ቀን ነግሮ ዝም ይላል፤ ማቱሶ ግን በዚያ ቀን አባትየው የት እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደነበረና ሲመጣ ምን ብሎ እንደዋሸ ጨምራ ትነግራለች።

እናቷ ያወጣችላት ስም ቦይካንዮ ነው። የበኩር ልጇ ቱሶ ከተወለደ ወዲህ ግን እንደ አገሩ ወግ የቱሶ እናት፣ ማቱሶ ሆና ቀረች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ቱሶ ሩቅ የማዕድን ማውጫ ውስጥ ይሠራል፤ አብራት ያለችው ለትምህርት ቤት ልጆች ምግብ የምታበስለው ሴት ልጇ ጋኦኔ ናት። በመንደሩ ሸንጎ የማን ከብት ለማን ጥሎሽ ተሰጠ የሚል ክርክር ሲነሳ አለቃው ራሳቸው ዞር ዞር ብለው፣ “ማቱሶ የታለች?” ይላሉ። እሷም ከሴቶቹ መካከል ሻርፗን አስተካክላ ትነሳና የከብቱን ቀለም፣ የቀንዱን አቅጣጫ፣ የነጂውን ስም፣ ነጂው በዚያ ቀን ሰክሮ እንደነበረ ጭምር ትዘረዝራለች። ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ሰዉ ታዲያ ያከብራት ነበር። ከማክበርም አልፎ ይፈራታል። መንገድ ላይ ሰላም ብሏት ከሁለት ደቂቃ በላይ አብሯት የሚቆም አልነበረም፤ ነገርን ነገር ያነሳዋልና።

አጥር ከምትጋራት ጎረቤቷ ከማፖኖ ጋር ግን ሰላምታውም አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት ተዘጋግተው ኖረዋል። ምክንያቱ ድስት ነው። ማፖኖ ለአክስቷ ለቅሶ የማቱሶን ትልቁን ባለ ሦስት እግር የብረት ድስት ተውሳ ነበር፤ ድስቱ በሁለት እግሩ ተመለሰ።

“ሦስተኛው እግሩስ?” ብትላት፣ ማፖኖ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ “ስትሰጪኝም ሁለት ነበረው” አለቻት።

ባለ ሁለት እግር ድስት እንዴት ሊቆም እንደሚችል የጠየቃት የለም። ሰዉ የሁለቱንም ምላስ ስለሚያውቅ ጉዳዩን ለሁለቱ ትቶላቸው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ይገላመጣሉ፣ ከዚያም ወደየሥራቸው ይገባሉ።

ባለፈው ዓመት በማሽላ ዘር ወቅት ማቱሶ ወገቧን ያማት ጀመር። ሽንቷም ያቃጥላታል። “ጎንበስ ቀና ማለት ያመጣው ነው” ብላ ቅጠል ቀቅላ ጠጣች። በአራተኛው ቀን ብርድ አንዘፈዘፋት፤ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ በር ላይ ተቀመጠች። ያኔም ቢሆን የደነገጠ አልነበረም። መንደሩ የደነገጠው የአጎቷ ልጅ ልትጠይቃት መጥታ ለጨዋታ ያህል፣ “እኔ የተዳርኩት ድርቁ በገባ ዓመት ነው አይደል?” ስትላት፣ ማቱሶ በባዶ ዓይን አይታት፣ “አንቺ ደግሞ መቼ ተዳርሽ?” ያለቻት ጊዜ ነው።

ሴትዮዋ እየጮኸች ወጣች። “ኧረ ድረሱ! ማቱሶ ልትሞት ነው! ሰርጌን ረሳችው!”

በዚህ ምክንያት ነው ፒክአፕ መኪና ተለምኖ ሆስፒታል የደረሰችው። ሐኪሞቹ የኩላሊቷ ቁስለት ወደ ደሟ ገብቶ ደሟን መርዞታል አሉ፤ ግማሽ ቀን ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ለቀብር ትዘጋጁ ነበር ብለው ለጋኦኔ ነገሯት። ሠላሳ አንድ ቀን ተኛች። ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ቀን የተነፈሰላት መሣሪያ ነው።

ዳነች ተብላ የተመለሰችው ሴት ግን የሄደችው አልነበረችም። ፀጉሯ በማበጠሪያ ተጠቅልሎ ይወጣል። የሻይ ኩባያ በሁለት እጇ ይዛም ይንቀጠቀጥባታል። ከአልጋዋ እስከ በሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ በመሃል አንድ ጊዜ ማረፍ አለባት። ይህስ ይሁን። ውኃ ጥዳ ትረሳለች። ገንፎው ላይ ጨው ጨምራ፣ ዞር ብላ ደግሞ ትጨምራለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ይቀርባትና፣ ቢላ ለማለት፣ “ያንን... የሚቆርጠውን ነገር...” እያለች በእጇ አየሩን ትከረክራለች። ከአንድ መቶ በላይ ሰርግ በቃሏ ይዛ የኖረች ሴት ቁርስ መብላት አለመብላቷን ጋኦኔን ትጠይቃለች።

በየማክሰኞው ወደ መንደሩ ጤና ጣቢያ የምትመጣ ኦናለና የምትባል ወጣት ባለሙያ ነበረች። ሥራዋ ከከባድ ሕመም የተረፈ ሰው እንደገና እንዲራመድ፣ እንዲለብስ፣ እንዲያበስል ማስተማር ነው። ማቱሶን መርምራ ካበቃች በኋላ ጋኦኔንም፣ ዘመዱንም፣ ጎረቤቱንም ሰብስባ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠች።

“ከሆስፒታል መውጣት መዳን አይደለም” አለቻቸው። “መዳኑ ገና አሁን መጀመሩ ነው። የእማማ ማቱሶ እግር እንደደከመ ሁሉ አእምሯቸውም ደክሟል። ይረሳሉ። አትሳቁባቸው፣ አትፈትኗቸው፣ ‘ይህን እንዴት ይረሳሉ’ አትበሏቸው። በየቀኑ ይራመዱ፤ መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ ጎረቤት፣ እያለ ይሄዳል። ግን ብቻቸውን አይሂዱ፣ ይወድቃሉ። የሚረሱትን ደብተር ላይ ይጻፉ።” ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ “ይህ በሽታ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል” አለች። “ብርድ ካንቀጠቀጣቸው፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ ሽንት ከጠፋ፣ ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ቅጠል አትቀቅሉ። ይዛችኋቸው ሩጡ።”

የተሰበሰበው ሰው ከዚህ ሁሉ የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነው፦ ይረሳሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ድፍን ማሎፔን አዳረሰ። በማግስቱ ለዓመታት ደጇን ያልረገጡ ሰዎች ወተት፣ እንቁላል፣ ሐብሐብ ተሸክመው መጡ። “ታስታውሽኛለሽ?” ይሏታል። ትንሽ ካመነታች ፊታቸው እንደ ንጋት ይበራል። የጎረቤት ፍየል አርዶ ሲበላ እሷ ሸንጎ ላይ ያጋለጠችው ሰውዬ ትልቅ ሐብሐብ ይዞ መጥቶ፣ ድሮ እንዴት ያለ የታመነ እረኛ እንደነበረ ግማሽ ሰዓት አወራላት። መንደሩ እንዲህ በደስታ ታማሚ ጠይቆ አያውቅም።

አብራት የሚራመድ ሲፈለግ ግን አንድም ሰው አልተገኘም። ጋኦኔ በማለዳ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ሌላው ሁሉ ወገቡን ያመው ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርተው ነው፤ መንገድ መሃል ትዝ ቢላትስ?

አንድ ጠዋት ማቱሶ ዱላዋን ጭኗ ላይ አጋድማ በሩ ላይ ተቀምጣ ሳለ የአጥሩ በር ተንጓጓ። ቀና ስትል ማፖኖ ናት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልረገጠችውን ግቢ ተራምዳ መጥታ ፊቷ ቆመች።

ማቱሶ በዚያ ሰሞን ብዙ ነገር ረስታለች። ጨውን ረስታለች፣ ቀኑን ረስታለች፣ የልጇን ስልክ ቁጥር ረስታለች። ድስቱን ግን አልረሳችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እግሩ የተሰበረበትን ቦታ ዝገት ሳይቀር ታውቀዋለች። ይሁን እንጂ ከማለዳ ጀምሮ የሚያስነሳት ሰው ስትጠብቅ ቆይታለች፤ እግሯም መሄድ አምሮታል። “ውጪልኝ” ብትላት ሌላ ማንም አይመጣም። ስለዚህ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቃ ረሳች።

“ይቅርታ የኔ እናት፤ ማን ልበል?”

“ጎረቤትሽ ነኝ እንጂ!” አለች ማፖኖ።

“ጥሩ ጎረቤት ነበርሽ?”

“በጣም” አለች ማፖኖ፣ ዓይኗ ሳይርገበገብ። “ተነሺ ይልቅ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ።”

መራመዱ እንዲህ ተጀመረ። የመጀመሪያው ቀን እስከ አጥሩ በር ነበር። በሳምንቱ እስከ ማፖኖ ደጃፍ፣ በሦስተኛው ሳምንት እስከ ውኃው ቧንቧ ደረሱ። ማቱሶን የጉልበቷ መንቀጥቀጥ አልከበዳትም፤ የከበዳት የማፖኖ ወሬ ነበር። ማፖኖ የጎደለውን ዘመን በራሷ ልክ ትሰፋው ጀመር። እንደ እሷ ወሬ፣ ቱሶ ሲወለድ ወተት ያመጣችው እሷ ናት። ባሏ ሲሞት ሦስት ቀን ከአጠገቧ ያልተለየችው እሷ ናት። ቱሶ ሲወለድ ግን ማፖኖ ገና ወደ ማሎፔ አልተዳረችም ነበር፤ የመጣችበትን ቀንና ያደረገችውን ጫማ ቀለም ማቱሶ ታውቃለች። ግን ረስታለች ተብሏልና ምን ትበል? አንጀቷ እያረረ፣ “እንዴት ያለሽ ደግ ነሽ” ትላለች። ቤት ስትገባ ደብተሯን አውጥታ ቀኑን ጽፋ ከሥሩ፣ “ዛሬ ደግሞ ወተት አመጣሁ አለች” ብላ ታሰፍራለች። ወረቀት የሚያፈስ ጭንቅላት ላለው ነው እያለች ስትሳለቅ የኖረች ሴት በአንድ ወር ደብተሩን አጋመሰችው።

በስድስተኛው ሳምንት ሸንጎ ተጠራ። ሁለት ወንድማማቾች ከአንድ የጥሎሽ በሬ ዘር በመጡ ከብቶች ተጣልተዋል። አለቃው እንደ ልማዳቸው ዞር ብለው፣ ከዚያ ትዝ ሲላቸው አፈሩ። ማቱሶ ግን ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች። እየተራመደች ነው፣ እየተሻላት ነው፤ ይህን ደግሞ ታውቀዋለች።

“በሬው ጥቁር ነበር” አለች ጮክ ብላ። “ግራ ቀንዱ ወደ ታች የታጠፈ።”

በሬውን የሰጡት ሽማግሌ በሕይወት ነበሩ፤ እዚያው ተቀምጠዋል። ጎናቸው ያለውን መሬት በምርኩዛቸው ቆርቆር ቆርቆር አደረጉና፣ “ቀይ ነበር ልጄ” አሉ በቀስታ።

ማንም አልሳቀም። ኦናለና አትሳቁ ብላለች። ድፍን ሸንጎው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን አየ። ቢስቁባት ይሻላት ነበር። “ምንም አይደል እማማ፣ ይቀመጡ” እያሉ ሲደግፏት እንደ ሙሽራ በዝግታ ተቀመጠች፤ ቤቷ ገብታ ግን ልጇ እስክትመጣ አለቀሰች። ከዚያ በፊት የምትረሳው ነገር ሁሉ ቢላና ጨው ነበር። ቀይ በሬ ጥቁር ሆኖ ሲታያት፣ ያውም እርግጠኛ ሆና፣ ሌላውስ የምታውቀው ሁሉ ምን ቀለም ነበረው?

በማግስቱ አልራመድም ብላ ተኛች። ማፖኖ በሩን ገፍታ ገባች።

“ተነሺ።”

“አሞኛል።”

“አላመመሽም፤ አፍረሻል። ደግም አደረግሽ። ሕፃን የሚያውቀውን ቀይ በሬ ጥቁር ትያለሽ? ጫማሽ የታለ?”

ከሸንጎው ወዲህ “ምንም አይደል” ያላላት የመጀመሪያው ሰው ይህች ናት። ማቱሶ ከንዴቷ ብዛት ጫማዋን ያለ እርዳታ አጠለቀች። ከቧንቧው አልፈው በዝምታ ሄዱ፤ ወደ አስፋልቱ በሚወስደው መንገድ፣ ከዚያ በፊት ደርሰው በማያውቁበት ርቀት ላይ ነበሩ። ማፖኖ ግን አላበቃችም።

“ደግሞ ይህ የበሽታ ብቻ አይደለም” አለች። “ድሮም ነበረብሽ። ድስቴን ተውሰሽ፣ እግሩን ሰብረሽ መልሰሽልኝ፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩሽም።”

ማቱሶ ቀጥ አለች።

“ምን አልሽ?”

“ድስቴን ነዋ።”

“ድስት*ሽን*? አንቺ ሌባ! ያዋስኩሽ እኔ ነኝ! ለአክስትሽ ለቅሶ! ሐሙስ ቀን ወስደሽ ማክሰኞ በሁለት እግሩ አመጣሽልኝ! አሮጌ ነጠላ ጫማ አድርገሽ፣ ያውም አንዱ በሽቦ የታሰረ!”

ጩኸቷ መንገድ ዳር የሚግጡ አህዮችን ቀና አደረጋቸው። ማፖኖ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች።

“እግዚአብሔር ይመስገን” አለች። “ስድስት ሳምንት ሙሉ መቼ ትፈነዳለች ብዬ ስጠብቅ ውሸት አልቆብኝ ነበር።”

“እንደማስታውስ... ታውቂ ነበር?”

“ከመጀመሪያው ቀን። የረሳ ሰው ‘ማን ልበል’ ሲል ፊት ያያል። አንቺ ያየሽው እጄን ነው፤ የድስቱን እግር ያመጣሁልሽ መስሎሽ።”

“ታዲያ ለምን መጣሽ?”

ማፖኖ ወደ አህዮቹ ዞረች። “ሠላሳ አንድ ቀን ሆስፒታል ስትተኚ ጠዋት ጠዋት የምገላምጠው ሰው አጣሁ። ባዶ አጥር ገላመጥኩ። ሰው አየኝ፣ አፈርኩ።”

ማቱሶ ከዚህች ሴት ጋር ከእንግዲህ አንድ እርምጃ እንደማትሄድ ምላ ፊቷን ወደ መንደሩ መለሰች። አሥር እርምጃ እንደሄደች ጉልበቷ ከዳት። ቤቷ ሩቅ ነው፤ መንገዱ ላይ ሌላ ሰው የለም። ማፖኖ መጥታ ክንዷን ዘረጋች። እንደ አዲስ ተጣልተው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ እስከ በሩ ድረስ ድስቱ ሲሰጥ ስንት እግር እንደነበረው እየተከራከሩ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ በይፋ ተኳርፈዋል፤ ግን በየጠዋቱ አብረው ይሄዳሉ። የሚያወሩት ለመጣላት ብቻ ነው። ማቱሶ አንድ ነገር በእርግጠኝነት ስትናገር ማፖኖ፣ “ቀይ ነው ጥቁር?” ትላታለች፤ ማቱሶም ተናዳ ሌሎች ሁለት ሰዎች ጠይቃ ትክክለኛውን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። አንዳንዴ ማፖኖ ትክክል ሆና ትገኛለች። ያን ገጽ ማቱሶ ለማንም አታሳይም። ኦናለና በስድስት ደቂቃ ምን ያህል እንደምትራመድ በሜትር ስትለካት ከቀደመው እጥፍ ሆነ።

“ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ጨመሩ እማማ?”

“ጠብ” አለች ማቱሶ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ማፖኖ የማገዶ እንጨት ስትሰብር ስንጣሪው እግሯን ቆረጣት። ትንሽ ቁስል ናት፤ በጨርቅ አሰረቻት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሳትመጣ ቀረች። ማቱሶ ጠበቀች፣ ሰደበች፣ ኋላ ዱላዋን ይዛ ብቻዋን አጥሩን ዞራ ሄደች። ማፖኖ አልጋ ላይ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች።

“ምነው ጠፋሽ አንቺ?”

“እህቴ” አለች ማፖኖ፣ በለስላሳ ድምፅ። “ስለ መጣሽ አመሰግናለሁ። በጣም ጥሩ ሰው ነሽ።”

ማቱሶ ፀጉሯ ቆመ። ማፖኖ ሰው አመስግና አታውቅም። ኦናለና ያለችው ምን ነበር? ብርድ፣ አዎ። የንግግር መዘበራረቅ፣ ይኸው ከዚህ በላይ ምን አለ? ሌላም ነበር፤ ሁለት ይሁን ሦስት፣ ጠፋባት። ደብተሩ ቤት ነው። ቤት ሄዳ ፈልጋ እስክታገኘው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? “ሽንት ሸንተሻል?” ብላ ጮኸችባት ድንገት ትዝ ሲላት። ማፖኖ ከትናንት ወዲህ ስለመሽናቷ አታውቅም። ምራቷ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ “ቅጠል እየቀቀልኩላት ነው እማማ” አለች።

“ድፊው!” አለች ማቱሶ። “ድፊውና የአህያ ጋሪ አምጪ!”

ማፖኖ ጋሪው ላይ ስትጫን ወደ ልቧ ተመልሳ፣ “ለጭረት ነው እንዴ ይህ ሁሉ? አውርዱኝ!” ብላ መሳደብ ጀመረች። ማቱሶ ተሻላት ብላ ልታቆም አንድ አፍታ አመነታች፤ ከዚያ ከጋሪው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ባለጋሪውን ንዳ አለችው። ጤና ጣቢያው በመድኃኒትና በግሉኮስ ጀምሮላት በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላካት። ሐኪሞቹ በጊዜ መጥታለች አሉ። ስድስት ቀን ተኝታ ወጣች፤ እግሯም ዳነ። ተጠያቂው ሁሉ ማን እንዳመጣት ሲጠይቃት፣ “አንዲት የማልነጋገራት ጎረቤቴ” ትል ነበር።

በሚቀጥለው ወር ኦናለና ማቱሶን ለመጨረሻ ጊዜ መረመረቻት። አስቆመቻት፣ አስቀመጠቻት፣ ቃላት ሰጥታ አስደገመቻት። ከአሥሩ ሰባቱን ያዘች። ኦናለና ካርዱን አውጥታ ፈገግ አለች።

“እንግዲህ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው አይሆንም፤ ግን ጨርሰዋል እማማ። ከአሁን በኋላ ብቻዎን መራመድ ይችላሉ። እንዲህ ብዬ ልጻፍ?”

ማቱሶ ወደ መስኮቱ አየች። ማፖኖ ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ወረፋ ከሚጠብቅ ሰው ጋር ስለ አንድ ነገር ትከራከራለች።

“አይ ልጄ፣ እንደሱ አትጻፊ” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ገና ይወድቃሉ ብለሽ ጻፊ። ይህች ሴትዮ ማንበብ ትችላለች።”

ኦናለና እስክሪብቶዋን ይዛ በመስኮቱ ወደ ማፖኖ አየች። ከዚያ “እድሜ ልክ፣ ከሰው ጋር” ብላ ጽፋ ማኅተም መታችበት።